እርጥብ፣ ደረቅ፣ እርጥብ

ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት «አባታችሁ ሌባ ነው» ብትባሉ እናንተ ምን ትመልሱ ነበር? ልጅቷማ ደብተሯን ወረወረች።

«ብትወረውሪም እውነቱ አይቀየርም» አለ፣ ወሬ ስለማያመልጠው «ጋዜጣው» የሚሉት ልጅ። ከማዕድን ማውጫው ድንጋይ የጫነ ገልባጭ አቧራውን እየጎተተ በመስኮቱ በኩል አለፈ። አስም ያለባት ጓደኛዋ ጥግ ላይ ትስላለች። «አባትሽ የሚከፈለው መንገዱን በቦቴ እንዲያረጥብ ነው። ሜዳው ላይ እንደ ጉድ ይረጫል። ትምህርት ቤታችን ያለበት ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ግማሹን ይዘላል። የተረፈውን ውሃ ለማን ነው የሚሸጠው?»

እሷም ያልረጠበውን መሬት በዓይኗ አይታዋለች። ያበገናትም እሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሳትጠየቅ ቦቴው ጋቢና ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

«ዛሬ ደግሞ ረዳት ተቀጠረልኝ?» አለ አባቷ እየሳቀ። እሷ በሩን ሳበችና ዘጋችው።

ሜዳው ላይ ውሃው ከኋላቸው በሰፊው ተረጨ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ግን እጁ ወደ ውሃው ማብሪያ ሄደ፤ ዘጋው። ትንሽ እንደወረዱ ከፈተው። ደግሞ ዘጋው።

«አባዬ! ለማን ልትሸጠው ነው?»

ቦቴውን ዳር ይዞ አቆመ። ይቆጣል ብላ ትከሻዋን ሰብሰብ አደረገች።

«እንደዚያ ነው የሚሉኝ?» አለ። «ነይ እስቲ ውረጂ።»

እርጥቡ ላይ አቆማት። ጫማዋ ሸተት ሲልባት ክንዱን ለቀም አደረገች።

«አየሽ? አንቺን እንዲህ ካደረገ፣ ድንጋይ የጫነ ገልባጭ ፍሬን ሲይዝበት ምን ይሆናል? ሙሉውን ባረጥበው ጎማው የሚይዘው ያጣል። የሚያርፈው ደግሞ የእናንተ አጥር ላይ ነው። ለዚህ ነው እያቆራረጥኩ የምረጨው፤ ደረቁ ላይ ፍሬን ይይዝለታል።»

ወደ ታች አየች። እርጥብ፣ ደረቅ፣ እርጥብ፤ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዋ። «እፎይ!» ብላ ደረቱ ላይ ተለጠፈች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ፣ የኔ እናት?»

«አቧራውስ ታዲያ?»

«ገልባጮቹ ቀስ ብለው ቢወርዱ ግማሹ አይነሳም ነበር። እዚህች ጋ የፍጥነት ምልክት ቆሞ ነበር፤ የገልባጮቹን ምልልስ አዘገየ ተብሎ ተነቀለ። ማን አዘዘ ብዬ ብጠይቅ ‘አንተ ውሃህን እርጭ’ ተባልኩ።»

«እኔ ብጠይቅስ? ሥራህን ቢያሳጡህስ?»

መንገዱን ትንሽ አየና «ጠይቂ፤ አባቴ ነገረኝ በይ» አላት።

የማዕድን ማውጫው ሥራ አስኪያጅ ለወላጆችና ለተማሪዎች ስብሰባ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ መጡ። መንገዱ ላይ በየቀኑ ውሃ እንደሚረጭ ተናግረው ሲያበቁ «ጥያቄ ያለው ቢሮዬ ድረስ ይምጣ» አሉ። ጋዜጣው ዞሮ አያት። እጇን አወጣች፤ ተነሳች።

«ቦቴውን የሚነዳው አባቴ ነው። ለምን እያቆራረጠ እንደሚረጭ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ይሄንን ግን የሚመልሱልን እርስዎ ነዎት፤ ቁልቁለቱ ላይ የነበረውን የፍጥነት ምልክት ማን አስነቀለው? ቢሮዎ ድረስ አንመጣም። እዚሁ፣ ሁላችንም ፊት ይመልሱልን!»