ወፍጮ የጻፈችው ገጽ

«ይህ ገጽ ተሰርዟል» ይላል ኮምፒውተሩ።

ወፍጮ ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ያው ነው። እስከ ትናንት እዚህ ቦታ ላይ የእሷ ጽሑፍ ነበር። ማንም ገብቶ በሚጽፍበትና በሚያርምበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ፣ ከሰፈራቸው በታች ስላለው ረግረግ፣ ስለ ወፎቹና ስለ ቆዳ ፋብሪካው፣ አስተማሪ ሳያግዛት ለብቻዋ የጻፈችው።

«የፋብሪካው ሰዎች ናቸው ያጠፉብሽ፤ ምን ጥያቄ አለው!» አለች ጓደኛዋ፣ ከኋላዋ አንገቷን አስግጋ። በቁመቷ ምክንያት ቀጭኔ ይሏታል። ወፍጮን ደግሞ ወፍጮ ያሰኛት አፏ ስለማያርፍ ነው።

«ይሞክሩኛ! እኔን ዝም የሚያሰኝ ገና አልተወለደም።»

«እሱስ እናትሽም ሞክረው አቅቷቸዋል።»

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወፍጮ ድምፅዋን ቀንሳ፣ የተሰረዘ ገጽ መመለስ ለሚችለው የመዝገበ ዕውቀቱ አስተዳዳሪ መልእክት ጻፈች። የት አገር እንዳለ እንኳ አታውቅም። «ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ማን እንደሰረዘው ይነገረኝ፤ ገጼም ይመለስ።» «እባክዎ» የምትለዋን ቃል ሆን ብላ ተወቻት።

መልሱ አልዘገየም። «የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ ባዶ ያደረጉት ግን እርስዎ ነዎት።»

በሕይወቷ «እርስዎ» ያላት ሰው ስለሌለ ለአፍታ ደስ አላት። ከዚያ ቀሪውን አነበበች።

«ብቸኛዋ ጸሐፊ ገጿን ባዶ ካደረገች፣ ይጥፋልኝ እንዳለች እንቆጥረዋለን። ጽሑፉ በሙሉ የወጣው ትናንት ከራስዎ አካውንት ነው። ሐሳብዎን ከቀየሩ ‹አዎ› ይበሉኝና እመልሰዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ የፋብሪካው ቦቴ ፍሳሹን ረግረጉ ውስጥ እንደሚደፋ ጽፈዋል። ምንጭዎ ማን ነው?»

ወፍጮ ክው አለች። አካውንቷ ከዚህ ኮምፒውተር ሌላ የሚከፈተው በወንድሟ ስልክ ላይ ብቻ ነው።

ቦቴውን የሚነዳውም ወንድሟ ነው።

«ምነው? ምን አለሽ?» አለች ቀጭኔ።

«ምንም» አለች ወፍጮ፤ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሰፈር ስትደርስ ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ መስታወቷ የጠቆረ ነጭ መኪና ሞተሯ ሳይጠፋ ቆማለች። ሥራ ላይ መሆን የነበረበት ወንድሟ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ ገጼን...»

«ግቢ።»

ተከትሏት ገባና በሩን ቆለፈ። መጋረጃውንም ሳበው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ስትጽፊው እኔን አማክረሽኛል?»

«ስምህን የት ጻፍኩ?»

«ስሜ ምን ያደርግላቸዋል? ቦቴው አንድ፣ ሾፌሩ አንድ። ራት ላይ ያጫወትኩሽን ሌላ ማን ይነግርሻል? ጎማው?»

ወፍጮ የትምህርት ቤት ጫማዋን አውልቃ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች። «እኔ መሆኔን በምን ያውቃሉ?» አለች።

«ምን ብለሽ ነው የተመዘገብሽው?»

«...ወፍጮ።»

ወንድሟ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። «እሰይ! ሰፈር ሙሉ የሚያውቀውን! ዛሬ የፋብሪካው ኃላፊ ቢሮው አስጠርቶ ሻይ ጋበዘኝ። እኔን፣ ሻይ! ‹ጎበዝ ጸሐፊ እህት አለችህ አሉ፤ ቤት ውስጥ ምን ብላችሁ ነው የምትጠሯት?› አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«‹እንደ ጥፋቷ ነው› አልኩት። እሱም ሳቀ። ከዚያ ‹ትንሽ ብታርፍ ይሻላል› ብሎ የቦቴውን ቁልፍ ተቀበለኝ።»

ውጭ የመኪና በር ተከፈተ። ኮቴ እስከ አጥሩ መጣ፤ ቆመ። ኮቴው ከቆይታ በኋላ ተመለሰ፤ መኪናዋ ግን አልሄደችም።

«ታች ሰፈር ያሉት ልጆችስ?» አለች በሹክሹክታ። «በረግረጉ ውኃ እጃቸው የሚላላጠው? እሱንም የነገርከኝ አንተ ነህ።»

«ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ ነው የነገርኩሽ» አለ ወንድሟ፤ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ወፍጮ የወንድሟን ስልክ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። አስተዳዳሪው መልሷን እየጠበቀ ነው። «የቦቴውን ነገር ባወጣውስ?» ብላ ጻፈችለት።

«ከገጹ ላይ ይወጣል። ገጹ ሲመለስ ግን የቀድሞው ጽሑፍ አብሮ ስለሚመለስ፣ የፈለገ ሰው ገልጦ ያነበዋል። ልመልሰው?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው። የለቀመቻቸውን የወፎች ስም አሰበች፤ ደጋግማ ያረመችውን መግቢያ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከክፍሏ ማንም አይጽፍም፤ ይህን ለራሷ ለመናገር አፍራ አታውቅም። «አዎ» ለማለት የቀራት ሁለት ፊደል መንካት ብቻ ነው።

ወንድሟን አየችው። እጁን ከፊቱ ላይ አላነሳም፤ አትመልሺው ብሎም አልለመናትም።

«አይመለስ» ብላ ላከች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ልጆቹን ጤና ጣቢያ የምታክማቸው ነርስ አለች አይደል?»

«አለች። ምን ሊያደርግልሽ?»

ወፍጮ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የትምህርት ቤት ጫማዋን መልሳ አጠለቀች።

«እንዴ፣ ወዴት ነው?»

«አንተ ያልነገርከኝን ከእሷ ልሰማ» አለች፤ የጓሮውን በር ድምፅ ሳታሰማ ከፈተችው።