ሲዲ ዐያድ የተሻገረው ወንዝ

ሰው ሁሉ በአክብሮት «ላላ» የሚላት ማህጁባ የሳርዲኑን አንገት በአጭር ቢላዋዋ ቆረጥ አድርጋ ጭንቅላቱን ከነአንጀቱ መዝዛ ጣለች፤ የቀረውን አካል ጅራትና አንገት እያፈራረቀች በቆርቆሮው ውስጥ ደረደረችው። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 1959፣ ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ሞሮኮ ከፈረንሳይ ሞግዚትነት ከወጣች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ በሳፊ ወደብ በዚያ ሰሞን ዓሣው እንደ ጉድ ይወጣ ነበር። ማህጁባ ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ቢሆንም እጇ ከወጣቶቹ እጅ ይፈጥናል፤ ቆርቆሮውን ስትሞላ ዓይኗን አትጥልበትም።

ፋብሪካው የቆመው ከከተማው በስተሰሜን፣ በዝናብ ወራት ብቻ ውሃ ከሚያይ ወንዝ ማዶ ነው። ባለቤቱ፣ በአገሩ አጠራር «ሲ» ማለትም አቶ ቡሽታ፣ ቦታውን የመረጠው አስቦበት ነበር። መንግሥት የደመወዝን ወለል ሲደነግግ አገሩን በክፍል በክፍል ከፍሎ፣ ኑሮ በከተማ ይወደዳል በገጠር ይረክሳል ብሎ፣ ለከተማው ከፍ ያለ ለገጠሩ ዝቅ ያለ ልክ አስቀምጧልና። ወንዙ ዳር፣ ከከተማው በኩል፣ በኖራ የተቀባ ክምር ድንጋይ አለ፤ የሳፊ ወሰን እርሱ ነው። ከክምሩ ወዲህ ያሉት ፋብሪካዎች ሙሉውን ይከፍላሉ፤ ከክምሩ ማዶ ያሉት መቶ ሃያ ሴቶች ግን ለዚያው ሥራ፣ ለዚያው ሰዓት፣ የደመወዙ አንድ አምስተኛ ይጎድልባቸዋል። የሚያድሩት ከተማ፣ ዱቄት የሚሸምቱት ከተማ፣ ኪራይ የሚከፍሉትም ከተማ ነበር።

«ስሚ እንጂ፣ ላላ ማህጁባ» አለች አጠገቧ የቆመችው ኢጆ፤ ምላሷ ከቢላዋዋ የሚሰላ የደጋ ሴት ናት። «ይሄ ሳርዲንና እዚያ ማዶ የሚታሸገው ሳርዲን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ወንዙን ሲሻገር ነው የረከሰው?»

«ሥራሽን ሥሪ።»

«እኔስ? ጠዋት ስሻገር ሆዴን ከተማ አስቀምጬ ነው እንዴ የምመጣው? እሱ እንደሆነ እዚህም ይጮኻል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ማህጁባም ፈገግ አለች፤ ነገር ግን ኢጆ ወንዙን ባነሳች ቁጥር እንደሚሆነው ሁሉ ልቧ አንድ ጊዜ ደነገጠ።

በዚያ ቀን ረፋዱ ላይ ከዋና ከተማው ከራባት የተላከው የሥራ ተቆጣጣሪ መጣ። ሴቶቹ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው የፈረሙበት አቤቱታ ደርሶት ነበር፤ ሲ ጂላሊ ይባላል፤ ጺሙ ገና ያልጠነከረ፣ ጫማው በአቧራ የተሸፈነ ወጣት ነው። የወረዳው ገዥ ቃኢዱም በበቅሎ ደርሰው፣ ጀለባ የሚሉትን ነጭ ረጅም ቀሚሳቸውን ሰብስበው በግቢው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሴቶቹ ሽርጣቸውን እንደለበሱ ወጥተው ዙሪያውን ከበቡ።

ሲ ጂላሊ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። «የከተማው ወሰን የተጻፈው በ1923 ነው። ‹ከባሕሩ ተነሥቶ እስከ ሲዲ ዐያድ ክምር ድንጋይ ድረስ› ይላል። ክምሩ የትኛው ነው?»

«ያውና!» አለ ሲ ቡሽታ ወንዙን አሻግሮ እያመለከተ። «ነጩ። እኔ ከወሰኑ ውጭ ነኝ። ሕጉ ያለኝን እየከፈልኩ ነው።»

«በ1923 እዚያ መች ነበረ!» አለች ኢጆ። «ኮረብታው ሥር ነበር፣ ከዚህ ከፋብሪካው ጀርባ። ሲዲ ዐያድ የተሻገረው በጎርፉ ዓመት ነው። ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል።»

ተቆጣጣሪው ግራ ተጋባ። «ማነው የተሻገረው?»

«ወሊዩ ናቸው፣ ልጄ» አሉ ቃኢዱ በእርጋታ። «ካረፉ አራት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ክምሩ መታሰቢያቸው ነው። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ይህች ላላ ማህጁባ ልጇ ታማባት፣ ክምሩን ኖራ ልትቀባ ተስላ መጣች። ጎርፉ ከለከላት። ወሊዩም አዘኑላትና ድንጋያቸውን ይዘው ወደ እርሷ ተሻገሩ። ልጅቱም ዳነች፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት።»

«እንግዲያው ተገላገልን» አለ ሲ ቡሽታ፤ ዓይኑ ሳቀ። «ወሊዩ ከተሻገሩ ወሰኑም አብሮ ተሻግሯል። ወረቀቱ ‹ክምሩ› ነው ያለው፤ ፈረንሳዊው ቀያሽም ካርታውን ያነሣው ከነጩ ነው። ወይስ ጌታው፣ ሲዲ ዐያድን ፍርድ ቤት ሊያቆሟቸው ነው?»

ወንዶቹ ሳቁ። ሲ ጂላሊ ግን አልሳቀም። «ክምሩን የሠራው የሰው እጅ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር» አለ። «ወሰንን ማንም ተነሥቶ ሊያዛውር አይችልም፤ የድሮው ይጸናል። እኔ ግን በተአምር ላይ ሥልጣን የለኝም።» ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ።

ማህጁባ የሚታጠፈውን ወረቀት ተመለከተች። ሠላሳ ሁለት ዓመት በከተማው ውስጥ የኖረችው ወሊይ የተሻገረላት ሴት ተብላ ነው፤ ሙሽሮች ከሠርጋቸው በፊት እጇን ሊስሙ ይመጣሉ፤ ልጇን ራህማን «የሲዲ ዐያድ ልጅ» እያሉ ነው የዳሯት፤ አማቷ በሞተች ጊዜ የመጨረሻ ቃሏ ምርቃት ነበር። ይህ ሁሉ ክብር የቆመው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ መሆኑን የሚያውቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሁለቱም አፈር ለብሰዋል። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ዝም ብትል ግን እነዚህ መቶ ሃያ ሴቶች፣ ከእነርሱም በኋላ የሚመጡት፣ በእርሷ ቃል ሲጎድልባቸው ይኖራሉ።

«አልተሻገረም» አለች።

ማንም አልሰማትም። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ሲዲ ዐያድ አልተሻገረም። እኔ ነኝ የከመርኩት።»

«ላላ ማህጁባ፣ ፀሐዩ መታሽ?» አለች ኢጆ እየደነገጠች።

«የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ውሃው በሬ ይዞ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። ልሻገር አልቻልኩም። ኖራውን ሳልቀባ ብመለስ ደግሞ ልጅቱ ብትሞት አማቴ ‹በአንቺ ነው› ትለኝ ነበር። ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር የወንዙን ድንጋይ ሰብስበን ከመርን፤ ቀባሁት። ጠዋት ሰው ሁሉ ‹ይሄ ከየት መጣ?› ሲል ‹ሲዲ ዐያድ መጣልኝ› አልኩ። የድሮውን ክምር ጎርፉ በትኖት ስለነበር ሁሉም አመነኝ። ይኸው ነው።»

ቃኢዱ ከተቀመጡበት ተነሡ። «አንቺ ሴት፣ የምትናገሪውን ታውቂያለሽ? በወሊይ ስም ዋሽቻለሁ ነው የምትይው?»

«አዎ፣ ጌታዬ። ቅጣቱ የእኔ ነው።»

«ገንዘብ ፈልጋ ነው!» ብሎ ጮኸ ሲ ቡሽታ። «ለጥቂት ፍራንክ ወሊይ የምትክድ አሮጊት ቃሏ ምስክር ይሆናል?»

ማህጁባ ወደ እርሱ አልዞረችም። ለተቆጣጣሪው ተናገረች። «ከሁሉም በታች ጠፍጣፋ ቀይ ድንጋይ አለ። ከሥሩ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ የፈረንሳይ ሳንቲም ታገኛላችሁ። ቡዳ እንዳይበላት በልጄ ቆብ ላይ የሰፋሁት ነበር፤ ሌላ የምሰጠው ስላልነበረኝ እሱን ፈትቼ አኖርኩ።»

ወንዙን ተሻገሩ። ቃኢዱ ለረጅም ጊዜ ክምሩን ሲያዩ ቆዩና ይፈረስ አሉ፤ ነገር ግን ከወንዶቹ አንድ እንኳ እጁን የሚዘረጋ ጠፋ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የተደራረበው ኖራ ድንጋዩን እንደ ቅርፊት አጣብቆት ነበር። ማህጁባ ተንበርክካ በዓሣ ቢላዋዋ እየፈለቀቀች አንድ በአንድ አነሣችው። ኢጆ ከአፍታ በኋላ «ቢስሚላህ፣ ከተረገምን አብረን እንረገም» ብላ አጠገቧ ተንበረከከች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌሎቹ መጡ።

ቀዩ ድንጋይ ሲገለበጥ ሳንቲሙ እርጥብ አፈር ላይ ተጣብቆ ታየ። ሲ ጂላሊ አንሥቶ በመሐረቡ ጠረገው፤ ቀዳዳውን ወደ ሰማይ አቅንቶ አየበት፤ ከዚያ ለቃኢዱ ሰጣቸው። ቃኢዱ በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩትና በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ወሊዩ ከቦታቸው አልተነሡም። ይጻፍ።»

ሲ ቡሽታ ለራባት ሁለት ጊዜ ይግባኝ አለ፤ ሁለቱም አልሠሩለትም። ከመስከረም ጀምሮ በዚያ ፋብሪካ የከተማው ልክ ተከፈለ። በመዝገብ ቤት የተቀመጠው ደብዳቤ «በመስክ በተደረገ ማጣራት የወሰኑ ስህተት ታርሟል» ከማለት በቀር ምንም አይልም፤ የሴቲቱ ስም የለበትም፤ ማጣራት የተባለው ነገር ምን ያህል ዋጋ እንደተከፈለበትም አልተጻፈም። ከዓመታት በኋላ አገሩን በክፍል የከፈለው የደመወዝ ሥርዓት ራሱ ቀረ፤ የወሰኑም ነገር ተረሳ። ታሪክ ደንቡን መዘገበ፤ ደንቡ ለሴቶቹ እንዲደርስ ክብሯን አውልቃ የሰጠችውን ግን ሳያያት አለፈ። ከመቶ ሃያዎቹ ሴቶች ልጆች መካከል በዚያች አምስተኛ ትርፍ ፊደል የቆጠሩ ነበሩ፤ እነርሱም አብዛኞቹ ከየት እንደመጣች አያውቁም።

ማህጁባ ግን በዚያው መስከረም የሆነውን ሁሉ ታውቅ ነበር። ሙሽሮች መምጣት አቆሙ። በገበያ ሁለት ሴቶች አይተዋት መንገድ ቀየሩ። ልጇ ራህማ ለአርባ ቀን ደጇን አልረገጠችም።

በአርባ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። ማህጁባ በረንዳው ላይ ለእራት ሾርባ የሚሆን ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ራህማ ሰላምታ ሳትሰጥ ተቀመጠች፤ ከዘንቢሉ አንድ እፍኝ አንሥታ እርሷም መፈልፈል ጀመረች።

«ውሃው ያን ያህል ያስፈራ ነበር?» አለች ራህማ ቀና ሳትል።

«በጣም።»

«ብትሻገሪ ትሞቺ ነበር?»

«እኔ እንጃ። አንቺ ጀርባዬ ላይ ነበርሽ።»

የራህማ እጅ ቆመ። ከዚያ ሌላ እፍኝ አነሣች፤ ወደ እናቷም ጠጋ አለች። ዘንቢሉ ባዶ እስኪሆን አብረው ፈለፈሉ። ማህጁባ የመጨረሻዋን ፍሬ ከጎድጓዳው ሳህን ጨመረች፤ ልጣጩን ከቀሚሷ ላይ አራገፈች፤ ሳህኑንም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ከግድግዳው ሥር አስቀመጠችው።