የጎደለችው የዘይት ቀዳዳ

ኮምፕሬሰሩ እስኪነሳ ጠበቀ።

ጎሚስታው በር ላይ፣ ባረጀ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ነው የተቀመጠው። እግሩ ሥር የተነፈሰ የብስክሌት ጎማ አለ። ጠዋት በመርፌ የወጋው ራሱ ነው። ሰው መቼም ያለ ምክንያት ጎሚስታ ቤት አይቀመጥም።

ቺንጋው ተንጫጨ። ሞተሩ ተነሳ። ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ። ከዚህ በኋላ ጆሮ ሥር ካልጮኹ በቀር አጠገብ ያለ ሰው እንኳ አይሰማም።

«ብሎን» አለው ከኋላው አንድ ድምፅ።

አልዞረም። «አጎቴ።»

ብሎን ትክክለኛ ስሙ አይደለም። አጎቴም አጎቱ አይደለም። አንዱ ሰላይ ነው፣ ሌላው አዛዡ። ከሦስት ዓመት በፊት አጎቴ ብሎንን ፓተንት ጽሕፈት ቤት ውስጥ መርማሪ አድርጎ አስገባው። ሰዎች አዲስ የፈጠሩትን ነገር ሥዕል ይዘው ወደዚያ ይመጣሉ። መርማሪው ነገሩን ከዚያ በፊት ሌላ ሰው እንዳልሠራው ያጣራል፤ ከተጣራ ለባለቤቱ ወረቀት ይሰጠዋል። ብሎን በሰው ፊት የሚሠራው ይህን ነው። የተላከበት ግን ሌላ ነው። ከዚያ ቤት ሥዕል እየሾለከ ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ ይሸጣል። ሻጩን ፈልግ ተባለ።

ሦስት ዓመት ፈለገ።

አጎቴ የመኪና ጎማ እያንከባለለ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። ከሩቅ ለሚያያቸው ጎማ የተነፈሰባቸው ሁለት ምስኪኖች ናቸው።

«ምን ይዘሃል?»

ብሎን የታጠፈ ፖስታ በጎማው ሥር አንሸራተተለት። «ማን ከመዝገብ ቤት ምን እንዳወጣ። አዲስ ነገር የለም።»

«ትሉስ?»

ትል የሚሉት የአንድ ሽማግሌ መካኒክን ፋይል ነው። መንጠቆ ላይ የሚሰካ ማለታቸው ነው።

«ሰውየው እኮ ሞተ፣ አጎቴ። ሦስት ወር ሆነው። ፋይሉን ልልቀቀው።»

«የሞተ ትል ዓሣ አይበላውም ያለህ ማነው?» አጎቴ ሳቀ። «አንድ ወር ጠብቅ።»

«ባለፈውም አንድ ወር ብለውኝ ነበር።»

ኮምፕሬሰሩ ቀጥ አለ። ታንከሩ ሞልቷል።

አጎቴ በዚያችው ቅጽበት ወደ ጎማ ጠጋኙ ዞረ። «ወንድሜ፣ ይቺ ነገር ዛሬ ትደርስልኛለች?»

ጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ብሎን በዚያ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ሽማግሌው ማክሰኞ ማክሰኞ የሚቀመጠው እዚያ ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ በግሪስ የጠቆረ። ሳሉ ገና ከደረጃው ሥር ይሰማል። መጀመሪያ የመጣ ቀን ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ልጁን እንደሚያስጠና አባት ጎንበስ አለ።

«ተራ ኮምፕሬሰር እንዴት ነው የሚሠራው ልጄ? ቺንጋው ዘንጉን፣ አልቤሮውን፣ ያዞረዋል። አልቤሮው ክንዱን፣ ቢዬላውን፣ ይወዘውዘዋል። ቢዬላው ፒስቶኑን ይገፋዋል። አገፋፉ ግን እያጋደለ ነው፤ እንደ ሰካራም ግድግዳውን እየታከከ። ለዚህ ነው ቶሎ የሚበላው። እኔ ሰካራሙን ከቤት አስወጣሁት።»

በሰካራሙ ቦታ የብረት ከበሮ አስገብቷል። በከበሮው ዙሪያ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቦይ ተቆፍሯል። በቦዩ ውስጥ አንዲት ኩሽኔታ እየተንከባለለች ትሄዳለች። ከበሮው ሲዞር ኩሽኔታዋ ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች፣ ፒስቶኑንም ቀጥ አድርጋ ትገፋዋለች። በግማሽ ጉልበት።

ብሎን ብዙ ሥዕል አይቷል። እንዲህ ያለ አላየም።

አጎቴ ሲሰማ ዓይኑ በራ። «ማጥመጃችን ይሄ ነው። መዝገብ ላይ አታስገባው፣ ቆልፍበት። ሥዕሉን በእጅህ ገልብጠህ አምጣልኝ። ሲሰረቅ የምናውቀው በእሱ ነው።» ብሎንም አንድ ከሰዓት በኋላ ቀጭን ወረቀት ከላይ ዘርግቶ ገለበጠ። ሰጠ። የመቀበያ ማህተምና ቀን ያለበትን ዋናውን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት።

ከዚያ ማክሰኞዎቹ መጡ።

«ፋይሌ ምን ደረሰ ልጄ?»

«በምርመራ ላይ ነው፣ አባባ።»

«ደግ። አትቸኩል፤ በደንብ እየው።»

ስምንት ወር። አንድ ማክሰኞ ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ብሎን ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ከደረጃው ሥር ሳል ይሰማል። አንድ ጊዜ የጎረቤቱን ክፍል መርማሪ «ሰማህ?» አለው። «ምኑን?» አለው ሰውየው። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቀም።

ዛሬም ማክሰኞ ነው። ሳሉን ሰማው። ብቅ ሲል ወንበሩ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። የሽማግሌው ልጅ ናት።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ» ብላ ተነሳች፤ ደብዳቤ ዘረጋችለት። ከፋብሪካው የመጣ ነው። በከበሮ የሚሠራው ኮምፕሬሰር የእኛ ፈጠራ ነው፣ ማመልከቻ አስገብተናል፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መሥራት ካላቆማችሁ ወርክሾፑን እናሳሽጋለን ይላል።

«የመጀመሪያውን ከበሮ በቶርኖ ቀርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አባቴ ከጎኔ ቆሞ። እኔና እናቴ፣ ሁለቱ ሠራተኞችም፣ የምናድረው በእሱ ነው። በእጃችን ያለው ደረሰኝ ቁጥርና ቀን እንጂ ሥዕል የለውም። ፋይሉን ቢያወጡልኝ ይበቃኝ ነበር።»

«በምርመራ ላይ ነው» አላት። ምላሱ ለምዶታል።

«አባቴም እንዲህ እንደሚሉት ነግሮኝ ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቂም የለም። የባሰውም ይኸው ነው።

የፋብሪካው ማመልከቻ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

ከፈተው። ከበሮ። ቦይ። ኩሽኔታ።

ዓሣው በልቷል!

ሊያስተያየው የሽማግሌውን ሥዕል ከቁም ሳጥኑ አወጣ። መስመር ለመስመር አንድ ነው። ከአንድ ነገር በቀር። ሽማግሌው ከበሮው አናት ላይ ምስር የምታህል ቀዳዳ ሥሏል፤ ዘይት ወደ ቦዩ የሚወርድባት። በፋብሪካው ሥዕል ላይ የለችም። ዘይት ያልደረሰው ከበሮ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግሎ ይነክሳል፤ መዞሩን ያቆማል። ይህን የፈጠረ ሰው ያቺን ቀዳዳ እንዴት ይረሳል?

ከዚያ ትዝ አለው። ሲገለብጥ በር ተንኳኳ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሰውየው ሲሄድ ከሌላኛው ጎን ጀመረ። ወደ ከበሮው አናት አልተመለሰም።

ቀዳዳዋን የረሳት እሱ ነው።

በዓለም ላይ ያቺ ቀዳዳ የሌለችበት ሥዕል አንድ ብቻ ነበር። እሱንም የሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ለአጎቴ።

ከእሱ በፊት በዚህ ወንበር ላይ በአጎቴ የተላከ ሌላ መርማሪ እንደነበረ አስታወሰ። ሦስት ዓመት የፈለገው፣ ሥዕል የሚሾልክበት ቀዳዳ ራሱ ብሎን ነበር። እጁን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ለረጅም ጊዜ አየው።

ስልኩ ጮኸ። «ኦፕሬሽኑ ተዘግቷል» አለ አጎቴ፤ አንድ ወር ጠብቅ ያለው ራሱ። «ትሉን አምጣው፤ ዋናውን። ነገ አራት ሰዓት፣ እዚያው።»

«እሺ።»

የምርመራ ክፍሉን ኃላፊ ሠራተኛው እትዬ ማህተም ይላቸዋል። እሳቸው ሳይመቱበት ከዚያ ቤት ብጣሽ ወረቀት አይወጣም። ብሎን በራቸውን ዘግቶ ሁሉንም ነገራቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለሰላይ ነው ማህተም የመታሁት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ምርመራህ ደግሞ ጥሩ ነበር። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አንተን ተቀበይ ብሎ ደብዳቤ የጻፈልኝን ሰው አውቀዋለሁ። የአጎትህ አለቃ ነው። ግን በወሬ አያምንም፤ በጆሮው መስማት አለበት።»

«ነገ አራት ሰዓት የመኪናዎ ጎማ ይተነፍሳል፣ እትዬ።»

«የኔ ጎማ እንኳ ደህና ነበር» አሉ በረጅሙ ተንፍሰው።

በማግስቱ የእትዬ ማህተም አሮጌ መኪና ጎሚስታው ደጅ በክሪክ ተነስታ ቆማለች። እሳቸው ከፊት ጋዜጣ ዘርግተዋል። ከኋላ አንድ ሰው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ የተኛ መስሏል። መስኮቱ ክፍት ነው።

ብሎን ኮምፕሬሰሩን ቆጥሮታል። አራት ደቂቃ ይጮኻል። ታንከሩ ሲሞላ ይቆማል። በጩኸት መሃል የሚያወራ ሰው ጩኸቱ በድንገት ሲቆም ድምፁን ወዲያው አይቀንስም። አጎቴ ግን ጠንቃቃ ነው። ከመጠንቀቅ የሚያዘናጋው አንድ ነገር ያስፈልጋል።

አጎቴ በሞተር ብስክሌት ታዝሎ መጣ። ነጂው መንገዱ ዳር ቀረ። ሞተሩን አላጠፋም።

ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ።

«አምጣ።»

ሰጠው። ዋናው ነው፤ አጎቴን በሌላ ወረቀት ማታለል አይቻልም። አጎቴ ማህተሙን አየ፣ ቀኑን አየ። ላይተር አወጣ።

«እዚህ?»

«ጎሚስታ ቤት ሁልጊዜ የሚቃጠል ነገር ይሸታል። ማን ልብ ይለዋል?»

ሁለት ደቂቃ።

ያን ጊዜ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ቆመ። ጎማ ጠጋኙ ቱቦውን እየጎተተ ሄዶ የኋላ ጎማው ላይ ሰካው። ታንከሩ የያዘው አየር ወደ ትልቁ ጎማ መፍሰስ ጀመረ።

አራት ደቂቃ። አልቆመም።

አምስት።

አጎቴ ላይተሩን አበራ። የወረቀቱ ጠርዝ ጠቆረ።

«የዘይቷን ቀዳዳ ረስቻት ነበር!» አለ ብሎን።

«ምን?»

«በገለበጥኩልዎ ሥዕል ላይ! የዘይት ቀዳዳ የለውም! የፋብሪካውም የለውም!»

የአጎቴ ፊት ቀስ ብሎ ተለወጠ። ጎማ ጠጋኙ ቱቦውን ነቀለ። የሞተሩ ድምፅ መክበድ ጀመረ። ሊሞላ ሲል እንዲያ ነው።

«ማነው የሰጣቸው? አፍ አውጥተው ይንገሩኝ!»

አጎቴ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ!»

ኮምፕሬሰሩ ቀጥ አለ።

«ሥዕሉን ለፋብሪካው የሰጠሁት እኔ ነኝ! በእጅህ የገለበጥከው ደግሞ አንተ! ማን ላይ ልትመሰክር ነው?»

ጸጥታ።

ጎማ ጠጋኙ ቱቦውን እንደያዘ ቀረ። የጭነት መኪናው ሾፌር አንገቱን አወጣ። የእትዬ ማህተም መኪና የኋላ በር ተከፈተ። ባርኔጣ ያደረገው ሰው ወረደ።

አጎቴ አየው። ወረቀቱን እየነደደ የጎማ ማጣበቂያው ማስቲሽ ያለበት ጣሳ ውስጥ ወረወረው።

ጣሳው ቦግ አለ።

ብሎን እጁን ከተተ።

ሞተር ብስክሌቱ ነጂውን ብቻ ይዞ ተፈተለከ። አጎቴን አለቃው በክንዱ ያዘው። ብሎን ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ ነበር። በተለበለበ እጁ የያዛት የሥዕሏ ወረቀት ከነማህተሟ ተርፋለች። ሽማግሌው ስለ ሥራው በራሱ እጅ የጻፋቸው ሁለት ገጾች ግን አመድ ሆነዋል።

«ሥዕሉና ቀኑ ካለ ይበቃል» አሉት እትዬ ማህተም፤ እጁን በሻርፓቸው እየጠቀለሉ። «አሳይ እስቲ። አይዞህ።»

ቃሉን ሰጥቶ ፈረመ። የአጎቴ አለቃ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። «ፋብሪካው ማመልከቻውን ይተዋል። አጎትህ እኛ ዘንድ ነው። ብሎን የሚባል ሰው ግን አልነበረም። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል። አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ።»

ወርክሾፑ ውስጥ ልጅቷ ቶርኖ ላይ ነበረች። ወረቀቱን አሳያት፤ የአባቷ ፋይል መዝገብ ላይ ገብቷል፣ ቀኑም መጀመሪያ ያመጣበት ቀን ነው፣ ከፋብሪካው ይቀድማል። እጇን በጨርቅ ጠርጋ በሁለት ጣቷ ጠርዙን ነካ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ምን ልበልዎ! እጅዎን ደግሞ ምን ሆኑ? ይቀመጡ እንጂ።»

አልተቀመጠም። «ፋይሉ ምርመራ ላይ አልነበረም» አለ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ሌባ ላጠምድበት። ሥዕሉንም በእጄ ገልብጬ ለሌባው የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ። አባባ በየማክሰኞው ሲመጣ ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው።»

ቶርኖውን አጠፋችው።

«አንተ» አለችው። እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ነበር። «ሐኪም ከአልጋ አትውረድ ብሎት ነበር። ማክሰኞ ሲሆን ሸሚዝ ተኩሺልኝ ይለኛል። ያ ደረጃ ይገድልሃል፣ እኔ ልሂድልህ ስለው ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ? ያ መርማሪ ልጅ ከፍቶታል፣ ሥራ በዝቶበታል፣ ሄጄ ላበረታታው። ስለ ፋይሉ መስሎህ ነበር?»

ብሎን ወረቀቱን ዘረጋላት።

«ወረቀቱን እዚያ አስቀምጠው» አለች። «አስቀምጠውና ሂድ።»

አስቀመጠው። ከኋላው ቶርኖው እንደገና ተነሳ፤ ብረት ሲፋቅ እስከ መንገዱ ድረስ ተሰማው።

አውቶቡስ ተራው በሰው ተጨናንቋል። ትኬት ቆራጯ ቀና ሳትል እስክሪብቶዋን አዘጋጀች።

«የት?»

«መጨረሻው ድረስ።»

«ማን ብዬ ልጻፍ?»

አሰበ። «ደስ ያለሽን» አላት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። የሆነ ስም ጻፈችና ቀድዳ ሰጠችው። ሳያነበው በደህናው እጁ ኪሱ ከተተው፣ ከተሳፋሪዎቹ መሃልም ገባ።