የያየህ በርጩማዎች

አናጺው ያየህ ወረታ ከተማ ባለው የሥራ ቤቱ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሶ ደሙ የእንጨቱን ፍቅፋቂ አላቁጦታል። መርማሪው መቶ አለቃ አበረ ጎንበስ ብሎ ቁስሉን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። ገዳዩ፣ ሰውየው ከሞተም በኋላ መምታቱን አላቆመም። የመምቻው ጠርዝ ቆዳው ላይ ታትሟል፤ ያየህ የሚጠርበው ባለ ጠርዝ የበርጩማ እግር ነው። በሥራ ቤቱ ያሉት በርጩማዎች ግን ሁሉም ንጹሕና ሙሉ ናቸው።

የአብዮት ጥበቃዎቹ ምርመራ አላስፈለጋቸውም። የሟቹን ረዳት ደሴን «ፀረ አብዮት» ብለው ጠፍረውታል፤ ከቀትር በኋላ በመኪና ሊወስዱት ነው። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ የለም። አበረ ደሴን ማዳን የሚችለው ገዳዩን እስከዚያ ካገኘ ብቻ ነው።

ያየህ ግትር ነበር። ንፋስ የጣለውን ወይም ቆሞ የደረቀውን እንጂ ለምለም ዛፍ አይነካም፤ ሚስማርም አያስጠጋም። የበርጩማው እግር በክረምት በእርጥበት አብጦ ይጠብቃል፤ በበጋ እንጨቱ ሲከሳ በቀላሉ ስለሚነቀል፣ ሰው ሁሉ ከእሱ የገዛውን በርጩማ እግሩን ነቅሎ፣ በገመድ አስሮ ወደ ሠርግና ወደ ለቅሶ ይዞ ይሄዳል። አንዱ እግር ቢሰበር አንዱን ብቻ ይተካል።

አበረ የሟቹን ቅርብ ሰዎች በየተራ ጠየቀ። ሚስቱ ወለተ ሐና ማልቀስ እንጂ መናገር አልቻለችም። የአናጺዎች ማኅበር ሊቀመንበሩ አንለይ ግን አልደበቀም።

«ቶሎ ሥራ እያልሁ እጨቀጭቀው ነበር። ሞቶ ምን ይሠራልኛል?»

የወለተ ሐና ወንድም ትሁን ግንድ ቆራጭ ነው። «ከፋሲካ ወዲህ ደጁን አልረገጥሁም፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ።

ቀብሩ እንዳበቃ አበረ የለቅሶው ድንኳን በር ላይ ቆሞ በርጩማ ይዞ የሚገባውን ሁሉ ተመለከተ። ከዚያ ደሴን እንደታሰረ አስመጣና ሁሉም በርጩማውን ገልብጦ እግሩን እንዲነቅል አዘዘ። የአንለይም የወለተ ሐናም ወዲያው ወጣ። የትሁን ሦስቱ ወጡ፤ አራተኛው አልነቃነቅም አለ።

«ሰው ሁሉ የበርጩማውን እግር ነቅሎ፣ አስሮ ነው የመጣው» አለ አበረ። «አንተ ብቻ እንዳለ ተሸክመህ መጣህ። በዚህ በጋ አንዱን እግር ብቻ ምን አሳበጠው? ውኃ ነው። ነቅለህ ወጣህ፣ ገደልህበት፣ አጠብኸው፣ ሳይደርቅ መትተህ መለስኸው።»

አበረ በርጩማውን በመጥረቢያ ሲፈልጠው እግሩ ከተሰካበት ቀዳዳ ውስጥ በደም የቀላ እርጥብ እንጨትና የተጣበቀ የሟቹ ሽበት ወጣ።

«ለምለም ትቆርጣለህ ብሎ ማኅበሩን አሳደመብኝ» አለ ትሁን። «ግንዴን የሚገዛኝ አጣሁ። ልጆቼ ምን ይብሉ?»

መኪናው ደጅ ቆመ። የጥበቃዎቹ አለቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ።

«የታዘዝነው አንድ ሰው ነው። የትኛው ነው?»

አበረ ወደ ትሁን ሊጠቁም እጁን አነሣ፤ ግን ፍርድ ቤት የማያውቅ መኪና መሆኑን ስለሚያውቅ መልሶ አወረደው። ደሴ ዓይኑን ጨፈነ። ወለተ ሐና ተነሥታ እጇን ወንድሟ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ነው» አለች። «የእናቴ ልጅ ነው።»