በሐሰት ስም

ቀጮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ከእናቷ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው የልብስ ሰፊ ሱቅ መስታወት ላይ በቀይ ቀለም «ሌባ» ተብሎ ተጽፎ አየች። ልብስ ሰፊው በእርጥብ ጨርቅ ይፈገፍጋል፤ ቀለሙ ግን ይብስ ተለቀለቀ እንጂ አልለቀቀም። አላፊ አግዳሚው ቆሞ በስልኩ ይቀርጸዋል።

አንገቷን ደፍታ ወደ እናቷ ሱቅ ገባች። እናቷም ልብስ ሰፊ ናት።

«እሰይ! የእጁን ነው ያገኘው» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከስፌት መኪናዋ ሳታነሳ። «ደንበኞቼን ሲያማልልብኝ ኖሮ!»

ቀጮ ስልኳን አወጣች። የሰፈሩ ሰው ስለ ሱቆች የመሰለውን የሚጽፍበት የኢንተርኔት ገጽ አለ። መጀመሪያ ላይ ትወደው ነበር። አንዲት የማያውቋት ሴት የእናቷን እጅ አድንቃ ብትጽፍ፣ በሳምንቱ ከሌላ ሰፈር ሙሽራ ከነሚዜዎቿ መጣች። በኋላ ግን የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ሥራ ሙሉ በሙሉ ለሰውየው ተሰጠ። ቀጮ በንዴት ጦፋ በሐሰት ስም ጻፈች፦ «ጨርቄን በርካሽ ጨርቅ ቀየረብኝ።»

ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንቱ ነው። አሁን አስተያየቱ ሠላሳ አራት ደርሷል። «የእኔንም ሰርቋል!» «ሰካራም ነው!» «ከሰፈራችን ይነቀል!» ግማሾቹ ሱቁን ረግጠውት እንኳ አያውቁም።

ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ሆና የራሷን አስተያየት አጠፋች። እፎይ ሳትል ስልኳ ጮኸ።

«አያችሁ? ከፍሎ አስጠፋው!»

ሌሎች ተከተሉ። «የት አባቱ!» «መስታወቱን ነው ማርገፍ!»

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። «እማ፣ መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጨርቅ የሚባል ነገር አልቀየረም።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። እናቷ ቀና ብላ ወደ በሩ አየች።

«ሌላ ሰው ያውቃል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው አፍሽን ያዢ! አሁን እሱን የሚዘለዝሉት ነገ ወደ እኛ ይዞራሉ። ሱቄን ልታስዘጊብኝ ነው?»

«መስታወቱን ሊሰብሩት ነው እኮ፣ እማ።»

«ይስበሩታ!»

ቀጮ ወጣች፤ መንገዱን ተሻገረች። ሰውየው እጁ እስከ አንጓው ቀልቷል።

«ጋሼ… ጨርቅ ቀየረብኝ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸቴን ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዞር ብሎ ከእግር እስከ ራሷ ቃኛት። የምትጠብቀው ጥፊ ነበር። እሱ ግን ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወረወረው።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔማ አለመስረቄን አውቃለሁ!» አለ በምሬት። «ለእነሱ ንገሪያቸው። አሁን ከፊቴ ጥፊልኝ!»

እግረኛው መንገድ ላይ ቆመች። ስልኳን አውጥታ የሐሰት ስሙን ሰረዘችና የራሷን ከነአባቷ ስም አስገባች። «ስለ ጨርቁ የጻፍኩት ውሸት ነው። እናቴ ከሱቁ ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ ናት» ብላ ጻፈች። እናቷ ከበሩ ላይ ትጣራለች። ላከችው።

ደቂቃ አልሞላም፤ ስድቡ ይንጣጣ ጀመር። «እናትየዋ ናት ያስጻፈቻት!» «ጉቦ በልታ ነው!»

ቀጮ ስልኩን አልዘጋችም። ግንቡን ተደግፋ ከላይ ጀመረች፤ ለመጀመሪያው ተሳዳቢ «እናቴ አታውቅም ነበር፤ እኔ ነኝ» ብላ መለሰች። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ወረደች።