ጠጋኙን አይተሽ ግዢ

ዙህራ በዚያ ሳምንት ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ፒያሳ ስንት ጊዜ ወጥታ ስንት ጊዜ ከሱቁ በር እንደተመለሰች እሷም አታውቀው። ልቧ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሏታል።

ለቤቷ ኮምፒዩተር ልትገዛ ነው። በ1982 ዓ.ም. በእነሱ ሰፈር እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሰው አልነበረምና ጎረቤቱ ሁሉ «ያ ቴሌቪዥንሽ አልመጣም እንዴ?» እያለ ይጠይቃታል። ዙህራ ቤቷ ተቀምጣ የነጋዴ ማመልከቻና የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በጽሕፈት መኪና ትመታለች። አንድ ፊደል ሲሳሳት ገጹን እንደገና ነው። ጅዳ ያለው ወንድሟ ድካሟን ሰምቶ ገንዘቡን ላከላትና «ዕቃውን አንቺው ምረጪ» አላት።

ዕቃው ተመርጧል። ያልተመረጠው ዕቃውን የሚያስነሣውና የሚያዘው ነገር ነው፤ በሱቁ ቋንቋ «ሲስተም» የሚሉት። ያለ እሱ ኮምፒዩተር ማለት ባዶ ሣጥን ነው። ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ከውጭ የመጣው ዶስ ነው፤ ከእንግሊዝኛ በቀር አያውቅም፤ ግን ኮምፒዩተር ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚሠራው በእሱ ነው። ሁለተኛውን የጻፈው የሱቁ ባለሙያ ሙደሲር ነው። በአማርኛ ይጠይቃል፣ በአማርኛ ይመልሳል። የሆዱን ነገር የሚያውቅ ግን ከሙደሲር ሌላ አንድም ሰው የለም። ዙህራ የመረጠችው ኮምፒዩተር ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ሁለቱን አይችልም።

ዙህራና ሙደሲር የተዋወቁት ኅዳር ላይ ነበር። ለጽሕፈት መኪናዋ ሪባን ፍለጋ በቸርችል ጎዳና አናት ወዳለው ሱቅ ገባች። ባንኮኒው ላይ ከተቀመጠው ኮምፒዩተር ጥቁር መስታወት ውስጥ አረንጓዴ ፊደላት በሩላት።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ሚካኤል ነው» አለች ሳታስበው፣ ድምፅዋን አውጥታ።

ከባንኮኒው ጀርባ አንድ ቀጭን ወጣት ብቅ አለ። «ሚካኤልን ገና አላስተማርኩትም፤ የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው» አላት። ስሙን ስትጠይቀው ሙደሲር አለ። ስሟን ሲጠይቃት ዙህራ አለች። ተያዩና ሁለቱም ሳቁ።

«አይ የአራዳ እስላም!» አሉ የሱቁ ባለቤት ጋሽ ካላዩ ከውስጥ። «ታቦቱን ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።»

ከዚያ ወዲያ ሪባኑ ቶሎ ቶሎ ያልቅባት ጀመር። ሙደሲር እያንዳንዱን ፊደል በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እንዴት እንደሣለው አሳያት። የምትጠይቀው ሲያልቅባት ዓይኖቻቸው መስታወቱ ላይ ተገናኝተው ይሸሻሉ።

ስለዚህ ገንዘቡ ደርሶ «ያንተን ጫንልኝ» ስትለው የጠበቀችው ደስታ ነበር። እሱ አቀርቅሮ ገመድ ይጠቀልላል።

«ዶስን ውሰጂ» አለ።

«ለምን?»

«ይሻልሻል። የእኔ ቢበላሽብሽ ሌላ የሚያውቀው የለም።»

«አንተ አለህ አይደል እንዴ?»

ገመዱን ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው። «ዶስን ውሰጂ፣ ዙህራ።»

«ኧረ ጉድ ነው!» አሉ ጋሽ ካላዩ። «የራሱን ዳቦ ሻግቷል እያለ የሚሸጥ እሱን አየሁ!»

ዙህራ አልሳቀችም። የሰማችው አንድ ነገር ነው፤ በእኔ ላይ አትደገፊ። ሻሿን አጥብቃ ወጣች፤ ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደችው አላወቀችም። በማግስቱ ዶስን ልትገዛ ወጣችና ተመለሰች። ሌላ ቀን ሁለቱንም ትቼዋለሁ ልትል ሄዳ፣ በሩ ላይ ስትደርስ እግሯ አልገባም አላት።

እናቷ ሰዓዳ በስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ስትገባና ስትወጣ ታያት ነበር። በመጨረሻ እግሯን ከፔዳሉ አነሣች።

«ምን ሆነሻል? ዕንቁላሏ እንደመጣባት ዶሮ ትንቆራጠጫለሽ።»

«የምገዛው ዕቃ ነዋ፣ እማ። መምረጥ አቃተኝ።»

«እኔ ይቺን ስገዛ መኪናዋን መቼ መረጥኩ? ጠጋኙን ነው ያየሁት። አንዱ ሱቅ የሚያብረቀርቅ ነበረው፤ ጠጋኙ ቁጡ። ሌላው ይቺን አሮጌ ነበረው፤ ጠጋኙ አባትሽ።» መኪናዋን በመዳፏ ዳበሰቻት። «እሱ ከሞተ ወዲህ ማን የሚፈታት ይመስልሻል? እኔው ነኝ። አስተምሮኝ ነው የሄደ። ያንቺስ ጠጋኝ ምን አለ?»

«የእኔን አትግዢ አለኝ።»

ሰዓዳ ጥቂት አሰበች። «ጠጋኝ የራሱን ዕቃ አትግዢ ካለ አንድም ዕቃው ውሸት ነው፣ አንድም እሱ መንገደኛ ነው። ሄደሽ ጠይቂዋ!»

ዙህራ ዳገቱን የወጣችው በሩጫ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ጊዜ በሩ ላይ አልቆመችም።

«መንገደኛ ነህ?» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው።

ሙደሲር ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም። «ቀበሌው ጠርቶኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ብሔራዊ ውትድርና። ከረመዳን በኋላ እንሄዳለን።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ አዝነሽልኝ ትገዢው ነበር። ባልነግርሽ ተቆጥተሽ ሌላውን ትወስጃለሽ አልኩ።»

«ተቆጥቻለሁ። ሌላውን ግን አልወስድም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የአንተን ጫንልኝ። ከዚያ አስተምረኝ፤ ሁሉንም፣ የሆዱን ሳይቀር። አንተ ባትኖር እንዳይቆም አድርገህ።»

«ሁሉንም ካወቅሽማ እኔ ለምን አስፈልጋለሁ?»

«እሱን ስትመለስ እነግርሃለሁ።»

ጋሽ ካላዩ ወደ ውስጥ ገቡ።

ኮምፒዩተሩ በአባቷ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሙደሲር ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ያስተምራታል፤ ሰዓዳ በዚያው ክፍል ትሰፋለች። ሁለቱ ሲያወሩ መኪናዋ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ዝምታቸው ሲረዝም ግን ሰዓዳ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋ ትረግጠዋለች፤ መኪናዋ ታጓራለች፤ እነሱም ደንግጠው ወደ ፊደላቸው ይመለሳሉ።

ኮምፒዩተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሲነሣ የሚያስቀድመው ያንኑ ጥያቄ ነው። በመጨረሻው ምሽት ሙደሲር ዲስኩን አወጣና «ይህን ጥያቄ ላጥፋልሽ፤ በየቀኑ ሲነዘንዝሽ ሊኖር ነው» አላት።

«ተወው» አለች። «ይነዝንዘኝ።»

በማግስቱ ሄደ። ዙህራ አልሸኘችውም፤ አልችልም ብላ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ሰው የማያነበውን ነገር ስትጽፍ ዋለች።

ከደሴ በአንድ ሾፌር በኩል ሰላምታ ደረሳት። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ኮምፒዩተሩ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ይላታል፤ ትነግረዋለች። ክረምት ገብቶ መብራት ሲሄድ ሲመጣ አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ አልነሣም አለ። ያስተማራትን እያስታወሰች ሆዱን ከፈተችው፤ አንድ በአንድ አስተካከለችው። ሲነሣ ደስ ሊላት ሲገባ አለቀሰች። ያለ ሙደሲር መነሣቱ ከፋት።

«እኔም መጀመሪያ መኪናዋን ራሴ የፈታሁ ቀን አልቅሻለሁ» አለቻት ሰዓዳ፣ ከክሯ ቀና ሳትል።

በ1983 ግንቦት ጦርነቱ አለቀ ተባለ። ከሰሜን የተመለሱ ወታደሮች ጎዳናውን ሞሉት። ዙህራን ያ የድሮው መንቆራጠጥ መልሶ ያዛት፤ ከድልድዩ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ ድልድዩ፣ ያላየችው ፊት የለም። ሰኔ ሲገባ እግሯ ደከመና ቤት ተቀመጠች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዋ በድንገት ዝም አለች። ዙህራ ዞር ስትል አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ጢሙ አድጓል፤ የተጫማው ጫማ ልኩ አይደለም።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ሙደሲር።

የመለሰችለት ሰዓዳ ነች። ዙህራ ብድግ አለች። እሱም ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ሲጨንቀው ሄዶ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠ፤ የሚያውቀው እሱን ነው። ዙህራ ከኋላው መጥታ አበራችለት።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

ጣቶቹን አነሣ፤ እንዳነሣቸው ቆዩ።

«ቀኑ ጠፍቶብኛል፣ ዙህራ» አለ።

በትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ ጻፈችለት፤ ቁጥር ግን አልጻፈችም። «የሰኔ ሚካኤል» ብላ ጻፈች። ሙደሲር ስሕተት ነው ይላል ብሎ ጠበቀ። ኮምፒዩተሩ ግን ተቀበላት። «ሰኔ 12» ብሎ መለሰና ሥራውን ጀመረ።

«አስተማርሽው?»

«አስተማርኩት።»

መስታወቱን አየ፤ ከዚያ ዞሮ እሷን አየ። «እንግዲህ እኔ ለምን አስፈልጋለሁ?»

እነግርሃለሁ ያለችው ለዚህ ቀን ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ስታዘጋጀው የከረመችው ቃል ሁሉ አፏ ላይ ሲደርስ ጠፋባት። እጇ ትከሻው ላይ አረፈ።

ዝምታው ረዘመ። ሰዓዳ ፔዳሏን አልረገጠችም።