ዘጠኝ ነጥብ ሁለት

ኔሊዳ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጠርሙሱ ወረቀት ላይ ቀጭን መስመር ሳበች። ሽሮፑ ዛሬ የደረሰበትን ልክ ነው ያሰመረችው። ከዚያ ጽሑፉን ወደ ግድግዳው አዙራ ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

ከትናንት ወዲያ ያሰመረችው መስመር ከላይ ቀርቷል። ሁለት ማንኪያ ያህል ጎድሏል። ለሁለት ቀን ልክ ነው። ልክ ያልሆነው የወንድሟ ፊት ነው።

የአራት ዓመቱ ሮኒ ከሁለት ወር በፊት ጤና ጣቢያ ጣቱ ተወግቶ ሲመረመር ደሙ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ነርሷ፣ ሲስተር ሊሴት፣ «የደም ማነስ ነው» ብላ የብረት ሽሮፕ ሰጠችው፤ በቀን አንድ ማንኪያ። ባለፈው ሳምንት እንደገና ተለካ። አሁንም ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። ከንፈሩ እንደነጣ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመጣ ኳሱን ዞር ብሎ ሳያይ ይተኛል።

ታዲያ ሽሮፑ የት ነው የሚሄደው?

የምትሰጠው ኤውፌሚያ ናት፤ አባታቸው ካገባት ገና ስምንት ወሯ ነው። እናታቸው ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗል። አባታቸው ማዕድን ማውጫ ስለሚሠራ በወር ሃያ ቀን ቤት የለም። ሮኒ ገና ከጅምሩ «እማ» ሲላት፣ ኔሊዳ እንደ ጎረቤት «ዶኛ ኤውፌሚያ»፣ ወይዘሮ ኤውፌሚያ እንደማለት፣ ብላ ነው የምትጠራት።

ጠዋት ጠዋት ኔሊዳ ከግቢው ቧንቧ ውሃ ስትቀዳ ሴትየዋ ለሮኒ ሽሮፑን ትሰጠዋለች። ሰጠሁት ትላለች እንጂ ኔሊዳ አንድም ቀን በዓይኗ አላየችም። ከዚያ በውርጭ የደረቀ ድንቿን አዝላ ወደ ገበያ ትሄዳለች። ኔሊዳም ሻይ አፍልታ ወንድሟን ቁርሱን ታበላውና ይወጣሉ።

ሰኞ ዕለት ቧንቧው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ዝገት የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ አየች። ማክሰኞም አየች። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ሽሮፕ ሽሮፕ ይላል።

«ሮኒ፣ ዛሬ ሽሮፕህን ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ። ሚስማር ሚስማር ይላል።»

«እንዲህ በል ያለህ ማነው?»

ሮኒ ዓይኑን አፍጥጦ አያት። ኔሊዳ ይህንንም እንደ መልስ ቆጠረችው።

ትምህርት ቤት ለክፍል ጓደኛዋ ለማርሌኒ ነገረቻት። ማርሌኒ ሳቋ መጣ። «ኧረ ንቂ በናትሽ! እየደፋችው ነዋ። ነገ የራሷን ልጅ ስትወልድ እናንተን ማን ሊፈልጋችሁ? እኔ ብሆን ቁጭ ብዬ አላይም።»

ኔሊዳም ቁጭ ብላ አላየችም። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጤና ጣቢያ ገባች። በመንገዷ ሁሉ ስታሰላስል የነበረው «የምትደፋው ይመስለኛል» ለማለት ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «ስትደፋው አይቻለሁ» የሚል ሆነ። ሲስተር ሊሴት «አርብ ሦስታችሁም ኑ» አለቻት።

አርብ ጠዋት የከተማቸው የሁሊያካ ብርድ የጤና ጣቢያውን መስኮት አደብዝዞታል። ዶኛ ኤውፌሚያ ሮኒን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሻሏ ጠቅልላዋለች። ኔሊዳ አጠገባቸው ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች።

«ሽሮፑን በየቀኑ ይሰጡታል?» አለች ነርሷ።

«በየቀኑ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በባዶ ሆዱ።»

«ምሳውስ?»

«ሰኞና ሐሙስ የዶሮ ደም በሽንኩርት እጠብስለታለሁ። ዶሮ ሻጯ ታስቀምጥልኛለች፤ ሳያልቅ ለመድረስ ነው ማልጄ የምወጣው። ማክሰኞ ጉበት ይበላል። ሌላውን ቀን ምስር፣ ሎሚ ጨምቄበት።»

ኔሊዳ ይህን አታውቅም ነበር። እሷ ቤት የምትገባው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ድስቱ ታጥቦ ነው የሚጠብቃት። ቢሆንም አላመነችም። ማውራት ማንን ያቅታል?

«ማንኪያውን የት ነው የሚያጥቡት?» አለች ነርሷ።

ዶኛ ኤውፌሚያ ጥያቄው ገረማት። «ቧንቧው ጋ። ድንጋዩን አጠቆረብኝ እንጂ። በአመድ ብፈትገው፣ ብፈትገው አልለቅ አለ።»

ኔሊዳ ቀና አለች።

«ከሽሮፑ በኋላ ምን ይጠጣል?»

«ብርቱካን ጨምቄ አስቀምጥለታለሁ።»

«ጎሽ። የብርቱካኑ ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዘዋል። ሻይስ? ያን ጊዜ ነግሬዎት ነበር። ሻይ ከላዩ ከተጠጣበት ብረቱን ይይዘውና ከሰውነቱ ይዞት ይወጣል። ልጁ ሽሮፑን በደንብ ቢውጠውም ብዙም አይጠቅመው።»

ጠዋት ዶኛ ኤውፌሚያ በሩን ዘግታ እንደወጣች የብርቱካኑን ብርጭቆ ገፋ አድርጋ፣ በእናታቸው ስኒ ወፍራም ሻይ ከብዙ ስኳር ጋር ለሮኒ የምትሰጠው ኔሊዳ ነበረች። በየቀኑ፤ ሁለት ወር ሙሉ። ዶኛ ኤውፌሚያ አንድ ጊዜ «ሻይ አትስጪው፣ ለደሙ አይሆንም» ብላት ነበር። ኔሊዳ የእናቷን ስኒ ከቤት ልታስወጣ የፈለገች መስሏት ከዚያ ቀን ወዲህ ስኒውን ጢም አድርጋ መሙላት ጀመረች።

ዶኛ ኤውፌሚያ ኔሊዳን አየቻት። ብዙ አልቆየችም።

«ሻይ ይጠጣል» አለች ለነርሷ። «ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ታውቅ ነበር። ከገበያ ስትመለስ ያልታጠበውን ስኒ የምታነሳው እሷ ናት።

ሲስተር ሊሴት አቀርቅራ ካርዱ ላይ መጻፍ ጀመረች። ኔሊዳ የእስክሪብቶውን ድምፅ ሰማች። ዝም ብትል ነገሩ እዚህ ያበቃል። ከነገ ጀምሮ ሻዩን ትተወዋለች፣ የሮኒ ደም ከፍ ይላል፣ ማንም ምንም አይጠይቃትም። ካርዱ ላይ የሚቀረው የሌላ ሰው ጥፋት ነው።

«ሲስተር፣ እሱን አይጻፉት» አለች።

እስክሪብቶው ቆመ።

«ሻዩን የምሰጠው እኔ ነኝ። ደግሞ ረቡዕ የነገርኩዎት...»

«ረቡዕ ምን?» አለች ዶኛ ኤውፌሚያ። ረቡዕ የተባለውን እስካሁን የነገራት አልነበረም።

ኔሊዳ ወንበሯን ከጠረጴዛው አሽሽታ ወደ እንጀራ እናቷ ዞረች፤ የቀረውንም ለእሷው ነገረቻት።